«የለችም» ብዬ የጻፍኩባት ሴት

ፔካሎንጋን
ሰኞ፣ ረመዷን 21

ለፓንጂዬ፣ ሩቅ ላለኸው ቅርቤ፣

አሰላሙ አለይኩም ልጄ። ጾሙ እንዴት ይዞሃል? ናጎያ ብርዱ ለቀቀላችሁ? ይህን የምጠይቅህ ለወጉ ነው እንጂ ዛሬስ ስለ ብርድ የምጠይቅበት ልብ የለኝም። ጉድ ሆኛለሁ። ሐሙስ ዕለት ክው ብዬ የቀረሁ ይኸው እስከ ዛሬ ወደ ራሴ አልተመለስኩም። ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ። ሁለቱን አላነሳህም። በሦስተኛው አንስተህ «እማ፣ ሰላም ነው?» ስትለኝ ዘጋሁት። በኋላ «ኔትወርክ ነው» ብዬ የላኩልህ መልእክት ውሸቴን ነው። ይህ በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም። ስለዚህ ቁጭ ብለህ አንብበው፤ ባቡር ላይ እንዳታነበው።

ነገሩ የሌስታሪ ነው። አትደንግጥ፣ አልሞተችም። የደነገጥኩት እኔ ነኝ።

ዓይኗ መድከሙን ባለፈው ነግሬሃለሁ። አንተን በጀርባዋ አዝላ፣ አንተ ፀጉሯን እየጎተትክባት፣ በባቲኩ ጨርቅ ላይ በሰሙ እንደ ክር የቀጠነ መስመር ታወጣ የነበረችው ሴት አሁን አንዱ መስመር ሁለት ሆኖ ይታያታል። ሐኪሙ «ከሰሙ ጭስ ራቂ» አላት። እሷ ደግሞ «ምን ልሥራ ታዲያ፣ ልጨፍር?» ብላው ወጣች። ያው ታውቃታለህ። ዘንድሮ ሃምሳ ስድስት ሞላት። እኔም «በቃሽ፣ ከበዓሉ በኋላ በክብር ውጪ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሠርተሻል፤ የጡረታ ቁጠባሽን ወስደሽ ተቀመጪ» አልኳት።

ቤቷን ካየኸው ቆይተሃል። ባሕሩ በየዓመቱ ይገባባታል፤ እሷ ደግሞ በየጊዜው አፈር እያስደፋች ወለሉን ከፍ ታደርጋለች። ሦስቴ ከፍ አደረገችው። ወለሉ ሲወጣ ጣሪያው ባለበት ስለቀረ አሁን ጎንበስ ሳይሉ አይገባም። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ያላት ያ ቁጠባ ብቻ ነው። በሱ ጣሪያዋን ታስነሳበታለች፣ በቀረው ትኖርበታለች። ቢያንስ እኔ እንደዚያ ብዬ በልቤ ከፋፍዬላት ነበር። በየወሩ ከደመወዟ ይቆረጣል፤ ድርጅቱ ደግሞ ከዚያ የበለጠውን ጨምሮ ለሠራተኞች ዋስትና ቢሮ ያስገባል፤ ስታረጅ ባንድ ላይ ትወስዳለች። ሥርዓቱን ታውቀዋለህ።

በዚህ ነገር ደግሞ እናትህ እንዴት እንደምትኩራራ ታውቃለህ። ባለፈው ወር የባቲክ አሠሪዎች ማኅበር ስብሰባ ነበር። ማይኩን ከሰብሳቢው እጅ ነጠቅኩልህና «ምነው እናንተ! ሠራተኛ ማለት ሲያረጅ የሚጣል ቀሚስ ነው እንዴ? እኔ ሠላሳ አንድ ሠራተኛ አለኝ፣ ሠላሳ አንዱም ተመዝግቧል!» አልኳቸው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አሁን ያ ጭብጨባ ትዝ ሲለኝ ጆሮዬን እይዛለሁ።

ወደ ቢሮው ራሴ ልውሰድሽ አልኳት። እሷ ግን አንዴ «ራሴን አሞኛል» አለች፣ አንዴ «ዛሬ ወረፋው አይቻልም» አለች፣ ለሦስተኛ ጊዜ ብትጨነቅ «መታወቂያዬን አይጥ በላው» አለችኝ! እኔ ዓይን አፋርነቷ መስሎኝ እስቅባታለሁ። ሐሙስ ዕለት እጇን ይዤ መኪና ውስጥ ከተትኳትና መታወቂያዋን ከቦርሳዋ ራሴ አወጣሁት። አይጥ የሚባል አልነካውም።

መስኮቱ ላይ አንዲት ወጣት ነበረች። መታወቂያውን ተቀብላ ኮምፒውተሩን አየች።

«ሌስታሪ የምትባል የለችም እማማ።»

«እንዴት አባቱ የለችም? ሠላሳ ዓመት ሙሉ እየከፈልንላት! በደንብ እዪው እንጂ!»

«ቆይ በመታወቂያ ቁጥሯ ልሞክር።» ጻፍ ጻፍ አደረገች። «አዎ፣ በቁጥሩ ትገኛለች። ግን ስሙ ሌላ ነው። ሱሚራህ ይላል። ሱሚራህ፣ ከሥራ ከለቀቀች አሥራ አንድ ዓመቷ። ከዚያ ወዲህ የገባ ነገር የለም።»

ልጄ፣ ያን ስም ስሰማ ዞሬ ሌስታሪን አየኋት። ሌስታሪ ደግሞ አፏን በእጇ ሸፍና «አስተግፊሩላህ» አለች። ምስኪን ልጅቷ ምን እንዳጠፋች ግራ ገባት።

ታስታውሳለህ አይደል? ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። ሌስታሪ ያኔ ሱሚራህ ነበረች። በአንድ ዓመት ውስጥ አንጀቷን ታመመች፣ ከዚያ ታይፎይድ፣ ከዚያ ፅንሱ ወረደባት፣ ከዚያ ባሏ ሞተ። አሮጊቶቹ መጥተው አይተዋት «ስሙ ከብዷታል፣ ትከሻዋ አልቻለውም፣ ይቀየርላት» አሉ። ድግሱን ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ እዚሁ ግቢያችን። የስም ማውጫው ቀይና ነጭ ገንፎ ቀርቦ፣ አንተ ሦስት ሳህን በልተህ ሆድህን ቆረጠህ። «ሌስታሪ» የሚለውን ስም ያወጣሁላትም እኔ ነኝ። ትርጉሙ «ዘላቂ» አይደል፤ ቆይታ ትኑርልን ብዬ። አሮጌው ስም ከተጠራ በሽታው ተከትሎ ይመጣል ስለተባለ «በዚህ ግቢ ያን ስም የጠራ እኔን አያድርገኝ!» ብዬ አስጠነቀቅኩ። ከዚያ ወዲህ ማንም ጠርቶት አያውቅም። እሷም ዳነች። መታወቂያዋንም በአዲሱ ስም አስቀየረች።

ቢሮው ውስጥ ጮህኩ። ኃላፊው ወጣ። «የአሠሪዋ ጥፋት ነው» አለኝ በትሕትና፣ «ለቃለች ተብሎ የተጻፈው ከእናንተ በመጣ ወረቀት ነው»። እኔ ደግሞ «አሠሪዋ ማን መሰለችህ!» ብዬ ባሰብኝ። ሌስታሪ እጅጌዬን ትጎትታለች። «እትዬ፣ እንሂድ፤ ሰው ይሰማናል። ተዪው በቃ፣ ጾም ነው።» መኪና ውስጥ እኔ ስለፈልፍ መጣሁ። ቤቷ አውርጃት «ሌባውን ዛሬ አንቄ ነው የምይዘው» ብያት ሄድኩ።

ሌባው ማን ነው? መቼም የደመወዙን መዝገብ የሚይዘው አቶ ንጋዲሚን ነው። አሥራ አምስት ዓመት እኛ ጋ ሲሠራ አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም፣ ይህንንም ለራሴ ነገርኩት። ግን ሰው ሲደነግጥ ማሰብ ይተዋል። የሥራ ቤታችንን በር በርግጄ ገባሁ። ሴቶቹ በየምድጃቸው ዙሪያ ተቀምጠው ሰም ይቀዳሉ፤ እሱ ጥግ ላይ የበዓል ቦነሱን በየፖስታው ያደርጋል። ታውቃለህ፣ በ«እርስዎ» ነው የማናግረው፣ በልጆቹ ፊት እንኳ አንድ ቀን ዝቅ አድርጌው አላውቅም። ያን ዕለት ግን፣

«አንተ! የዚያችን ደሃ ገንዘብ የት አደረስከው?» አልኩት።

ሴቶቹ የሰም መቅጃ ቻንቲንጋቸውን እንደያዙ ደረቁ፤ ሰሙ በየጨርቁ ላይ ይንጠባጠባል። የአንድ ሳምንት ሥራ ተበላሸ፣ ይበላሽ።

«ምን አሉኝ እትዬ?»

«አንተ ነው ያልኩህ! ከሌስታሪ ደመወዝ በየወሩ ትቆርጣለህ፣ ለቢሮው ግን አሥራ አንድ ዓመት ሰባራ ሳንቲም አልገባም። የት ሄደ? አፍህን ክፈት!»

ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ቁም ሳጥኑን ከፈተ፣ ከታችኛው መደርደሪያ የጎርፍ ውኃ ያበላሸውን አንድ ፋይል አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ። ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ።

«ይህ የማን ጽሕፈት ነው እትዬ?»

ከቢሮው የመጣ የሠራተኞች ስም ዝርዝር ነው። በየስሙ ጎን በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ተደርጎበታል። አንዱ ስም ጎን ግን ምልክት የለም፤ «የለችም» ይላል። ሱሚራህ፣ የለችም። ከሥሩ ፊርማ አለ። የእኔ «የ» እንዴት እንደምትጣመም ታውቃለህ፣ አባትህ ሁልጊዜ ይስቅባት ነበር። የእኔው ነው ልጄ። በገዛ እጄ ነው።

ቆሜ ሳለሁ ያ ቀን ተመለሰልኝ። ቢሮው ሁሉን ነገር ወደ ኮምፒውተር ሲያዞር «ያሉትንና የለቀቁትን ለይታችሁ ላኩ» ብሎ ነበር። ሁሉንም ሰበሰብናቸው። አቶ ንጋዲሚን ስም ይጠራል፣ እነሱ «አቤት» ይላሉ፣ እኔ ምልክት አደርጋለሁ። እሱ እኛ ጋ የመጣው ከስሙ ለውጥ ብዙ ዘግይቶ ስለሆነ ሱሚራህ የምትባል አያውቅም። «ሱሚራህ!» አለ። ዝም። «ሱሚራህ!» አለ ደግሞ። ዝም። አሮጌዎቹ ሠራተኞች ሁሉ ያውቃሉ፣ ግን ማን ያንን ስም አንሥቶ በሽታ ይጠራባታል? ራሷ ሌስታሪ እዚያው ተቀምጣ ነበር። አንገቷን ደፍታ ወደ ጨርቋ። በዚያ ስም «አቤት» ብትል የቀበረችው ሁሉ ቀና ብሎ የሚመጣባት መስሏት ይሆናል። አቶ ንጋዲሚን ወደኔ ዞሮ «ሱሚራህ ማናት እትዬ?» አለኝ። ወላሂ ረስቼው ነበር። እንዳይጠራ ብዬ ስከለክል እኔም ከራሴ አጥፍቼው። «የድሮ ሠራተኛ ትሆናለች፣ የለችም» አልኩና ጻፍኩ።

ከዚያ በኋላ እኛ ጋ ያለው የደመወዝ መዝገብ ሌስታሪ ይላል፣ ስለዚህ ይቆረጣል። ለቢሮው የሚከፈለው ደግሞ በቢሮው ዝርዝር ነው፤ እዚያ ሌስታሪም የለችም፣ ሱሚራህም የለችም፣ ስለዚህ አይከፈልም። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ እናስመዘግባለን፤ እሷን ግን ማን አዲስ ናት ብሎ ያስመዝግባት? ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ ያየ የለም። ማንም አልሰረቀም። ገንዘቡ እዚያው ድርጅቱ ውስጥ ቀረ። ድርጅቱ ማለት ደግሞ እኔ ነኝ።

አቶ ንጋዲሚን ማስያውን ኪሱ ከተተ፣ ኮፍያውን አደረገ። «ፖስታዎቹ ተጠናቀዋል፣ የቀረ ነገር የለም» አለና ወጣ። አሥራ አምስት ዓመት! ሠላሳ ሴት እያየችን ሌባ አልኩት። በማግሥቱ ቤቱ ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ሚስቱ ናት፤ እሱ ከውስጥ ሆኖ «ይቅር ብያቸዋለሁ በይልኝ። ‹አንተ› ያሉትን ግን ጆሮዬ ገና አልረሳውም» አለ። እየሰማሁት እኮ ነው! ቅዳሜ ጠዋት ግን መጣ። «የሰው በዓል በእኔ ኩርፊያ አይዘገይም» ብሎ ቦታው ተቀመጠ። በሁሉም ፊት ቆሜ «ተሳስቼ ነው አቶ ንጋዲሚን፣ አውፍ ይበሉኝ» አልኩት። «እሺ» አለ። አፉ እሺ አለ፣ ፊቱን ግን እስካሁን አላዞረልኝም። ያን ቀን ሁሉንም ባንዴ ጠርተን ሳይሆን አንድ በአንድ፣ ሠራተኛውን ፊታችን አቁመን፣ በስም ሳይሆን በመታወቂያ ቁጥር ከቢሮው ጋር አመሳከርን። የጎደለች ሌስታሪ ብቻ ናት። ለቢሮውም የሆነውን ሁሉ ጽፌ ፈርሜ አስገባሁ። ወደ ኋላ ሄዶ መመዝገብ ስለማይቻል አሠሪዋ በቀጥታ ትክፈላት፣ ቅጣቱንም ትቀበል አሉኝ። ልክ ናቸው።

እስከዚህ ያለው ድንጋጤ ግን ልጄ፣ ድንጋጤ አልነበረም። ዋናው ትናንት ነው የመጣው።

ትናንት ከዙህር ሰላት በኋላ ፋይሉን ይዤ ሌስታሪ ቤት ሄድኩ። ጎንበስ ብዬ ገባሁ፣ ቢሆንም ግንባሬን መታኝ። ሰሌን ዘርግታልኝ ተቀመጥን። አንተ ስትመረቅ የተነሣኸው ፎቶ ግድግዳዋ ላይ፣ ውኃው ከማይደርስበት በላይ ተሰቅሏል። ሁልጊዜ ነው የማየው፤ አንድም ቀን «ለምን ሰቀለችው» ብዬ አላውቅም።

«ሌስታሪ» አልኳት፣ «የምነግርሽ ነገር አለ። ከባድ ነገር ነው፣ እንዳትደነግጪ።»

«የዋስትናውን ከሆነ አውቀዋለሁ እትዬ። አይጨነቁ።»

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«እንደማይከፈልልኝ ነዋ።»

«ከሐሙስ ወዲህ ነው?»

«አይ፣ ቆየ። ፓንጂ ባንዱንግ ዩኒቨርሲቲ በገባ በዓመቱ ይመስለኛል። ጣሪያው ሲያፈስብኝ ትንሽ ላወጣ ብዬ ሄጄ ጠየቅኩ። ነገሩኝ።»

አየህ? አሥር ዓመት! አሥር ዓመት ሙሉ ታውቃለች! በየወሩ ፖስታዋን ስሰጣት በሁለት እጇ ተቀብላኝ፣ ስታመም ሾርባ ይዛ መጥታ፣ አባትህ ሲሞት ሬሳውን ካጠቡት ሰዎች እኩል አብራኝ ቆማ። «ታዲያ ምን ሆነሽ ዝም አልሽ?» አልኳት። ጮኼ ነው መሰለኝ፣ ጎረቤት ያለች ዶሮ በረገገች።

ሳቀች። ምኑ ያስቃል?

«ምን ልበል ታዲያ? ያ ዓመት እንዴት እንደነበር ረሱት እንዴ? በማሽን የታተመው ርካሽ ጨርቅ ገበያውን ሞልቶ፣ የእኛን የሚያነሣ ጠፍቶ፣ እርስዎ ጉትቻዎን ሸጠው ደመወዝ ሲከፍሉን። እሱ ላይ ልጁ የትምህርት ክፍያ አለበት፣ የክፍል ኪራይ አለበት። ሲነግሩኝ መጀመሪያ ተናደድኩ፣ አልዋሽዎትም። መንገዱን ሁሉ ስረግም ነው የመጣሁ። ቤቴ ስደርስ ግን ገባኝ። ‹እትዬ ጨንቋት ነው። ከሌላዋ ብትወስድ ሌላዋ ትከስሳታለች። ከእኔ የወሰደችው እኔ ስለሆንኩ ነው› አልኩ። ከባዳ ይወሰዳል እንዴ?»

«ሌስታሪ...»

«ቆይ ያስጨርሱኝ። ልጁን እኔም አዝዬዋለሁ እኮ። በየወሩ የደመወዝ ወረቀቷ ላይ ‹ተቆራጭ› የሚለውን ሳይ ‹ይቺ የፓንጂ ናት› እላለሁ። የክፍሉ ኪራይ ውስጥ የኔም አለበት፣ መጽሐፉ ውስጥ የኔም አለበት። ሲመረቅ ሰው ሁሉ ‹የእትዬ ልጅ መሐንዲስ ሆነ› ሲል እኔ ሆዴ ውስጥ እስቃለሁ። ፎቶውን ለምን ሰቀልኩት መሰለዎት?»

ፋይሉ ጭኔ ላይ ነው። ቀዩ ጽሕፈት ውስጡ አለ። መክፈት ብቻ ነው የሚቀረኝ። «እኔ ሌባ አይደለሁም፣ ስሙን ረስቼ ነው» ለማለት አፌ ተከፍቷል። እውነቴን ነው፣ አሥር ዓመት ሌባ ስባል መኖሬ አንገብግቦኛል። እኔ ንጋዲሚንን ለአንድ ቀን ጠርጥሬ ሠላሳ ሰው ፊት አዋረድኩት፤ እሷ እኔን አሥር ዓመት አውቃ አንድ ሰው ፊት ክፉ ቃል አልወጣትም። በየትኛው ልደንግጥ?

መጀመሪያ የወጣኝ ግን ሌላ ነው። «የሚገባሽን በሙሉ፣ ከነትርፉ እመልስልሻለሁ» አልኳት።

ፊቷ ጠቆረ። እንዲህ ስትሆን አይቻት አላውቅም፣ በዚያ በሽታ ዓመትም።

«ለምን?»

«ያንቺ ነዋ! ጣሪያሽስ? ምን ልትበዪ ነው?»

«እትዬ፣ አሁን ከመለሱልኝ እኔ ለልጁ ምን አደረግኩለት?» አለችኝ። ከዚያ በሚፈዘው ዓይኗ ትክ ብላ አየችኝ። «ለእሱ አልነበረም እንዴ?»

ፓንጂ፣ ያን ጥያቄ እኔ ነኝ የሰማሁት፣ አንተ አልሰማኸውም። የ«አዎ» እና የ«አይደለም» ዋጋ ምን እንደሆነ ፊቷ ላይ ይታየኛል። አይደለም ብላት ስሜ ይጸዳል፤ እሷ ግን ያለ ልጅ ትቀራለች። አሥር ዓመት ሙሉ የሰጠችው ነገር የአንዲት የተዘናጋች ሴት ስህተት ይሆንባታል።

ፋይሉን በሻርፔ ሸፈንኩት።

«ለእሱ ነው» አልኳት። «ጨንቆኝ ነው። ልነግርሽ አፈርኩ።»

እጄን ያዘችኝ። «አውቄ ነበር» አለች። «እርስዎ የሰው ገንዘብ በከንቱ አይነኩም።» ከዚያ እኔ ስነፋረቅ እሷ ታባብለኛለች! ሌባዋን ባለገንዘቧ ስታባብል በዓይኔ አየሁ።

የዋሸኋት መስሎኝ ወጣሁ። ቤት ደርሼ ስቀመጥ ግን አንድ ነገር መጣብኝና እንደገና ክው አልኩ። በእነዚያ ክፉ ዓመታት በየወሩ ደመወዝ ከፍዬ ስጨርስ ከጠበቅኩት ትንሽ ተርፎ አገኝ ነበር። ብዙ አይደለም፤ ያንተ የክፍል ኪራይ የምታህል። «አልሐምዱሊላህ፣ በረከት ነው» እላለሁ፣ ለአንተ እልካለሁ። ከየት ተረፈ ብዬ ንጋዲሚንን አንድ ቀን አልጠየቅኩትም። ለአንድ ኪሎ ሰም ሦስት ነጋዴ ዘንድ ዋጋ የምጠይቀው እኔ! አልጠየቅኩም። ለምን እንዳልጠየቅኩ አሁን ራሴን ስጠይቅ መልሱ ቶሎ አይመጣልኝም፣ እንዲመጣልኝም አልገፋሁትም። ሌስታሪን የዋሸኋት የቱ ጋ እንደሆነ ጠፍቶኛል።

አሁን የምለምንህ ይህ ነው። የሚገባትን በሙሉ፣ ድርጅቱ ይጨምር የነበረውን፣ ትርፉንም፣ ሳላጎድል ለአንተ እልክልሃለሁ። ከእኔ አትቀበልም፤ አይቻታለሁ። ከአንተ ግን ትቀበላለች። መጀመሪያ የጣሪያውን ላክላት። የቀረውን በወር በወሩ፣ የደመወዝ ቀን እንዳይዘልብህ፣ በገዛ ስምህ። የኔው ሲያልቅ ያንተው ይቀጥል፤ ይህን እስከ ዕድሜዋ ልክ ነው የምልህ፣ እስከ ዕድሜዬ ልክ አይደለም። ስትጽፍላት «እማ ነገረችኝ፣ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ» በላት። ስለ ፋይሉ አንድ ቃል እንዳይወጣህ። እኔን ሌባ ናት ብላ ትኑር፤ ይህን ያህል ልሸከምላት እችላለሁ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ማኅበሩ ፊት ማይኩን እንደገና እቀበላለሁ። ሠላሳ ነበሩ፣ ሠላሳ አንድ አልነበሩም እላቸዋለሁ። ያጨበጨበ ሁሉ ይሳቅ።

አላህ በሰው አገር ያጽናህ። እጅህ ሰጪ ይሁን፣ የሰጠኸውም አይቆጠርብህ። ያዘለችህን ጀርባ የምታሳርፍበት ዕድሜ ለእሷም ለአንተም ይስጥልኝ። ዒዱን በሰላም ያድርስህ፤ ስትደውል መጀመሪያ ለእሷ ደውል፣ ከዚያ ለእኔ።

ከሁለቱ እናቶችህ አንዷ፣
ዉርያኒ